በመዳፍ የሚመታ ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ቤታችሁ ስሩ

ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ልትገዙ ሱቅ ከገባችሁ መጀመሪያ በኃይል አትምቱት። በኃይል ሲመቱት የማይጮህ ፓድ (የሚመታው ገጽ) የለም። አንዱን መዳፍ ላዩ ላይ አሳርፉና በሌላኛው እጅ በአንዲት ጣት ነካ አድርጉት። ከዚያ በጥፍራችሁ ጫር ጫር አድርጉት። ከዚያ ደግሞ እየመታችሁ በመዳፋችሁ ጫን በሉት። ድምፁ አብሯችሁ ከተለወጠ መሣሪያው እጃችሁን ይሰማል ማለት ነው። ዝም ካለ፣ ወይም ምንም ብታደርጉት ያንኑ "ዱም" ብቻ ከመለሰላችሁ ግን ተውት።

ይህን ያስተማረኝ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ከበሮ መቺ ጓደኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ፓድ ሠርቼ የጨረስኩ ቀን ጠራሁት። ቁጭ አለ፣ እጁን አፍታታ፣ አንዴ ሞላ አድርጎ መታው፤ ጥሩ ጮኸ። በሁለት ትልልቅ ምቶች መሀል ግን በጣቶቹ ጫፍ ጣል የሚያደርጋት ነገር አለች። እውነተኛው ከበሮ ላይ ስትሰሟት እንደ ትንፋሽ ናት። ያቺን መታት። ከስፒከሩ ምንም አልወጣም። ደገማት። ምንም። እጁን አነሳና "ይሄ እኮ የሚሰማው ሲጮሁበት ብቻ ነው" አለኝ።

ያ ንግግር ለሳምንታት ከጭንቅላቴ አልወጣም። ችክችካ ስትሰሙ ትከሻችሁን የሚያስነሳው ትልቁ ምት ብቻ አይደለም። በመሀል የምትገባው፣ ብዙ ጊዜ ልብ የማትሏት ትንሿ ምት ናት ጨዋታውን የምትይዘው፤ እሷን አውጡና ስሙት፣ ቤቱ ሁሉ የፈረሰ ያህል ይከብዳችኋል። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ፣ ከእንጨቱ አቆራረጥ እስከ ኮዱ ድረስ፣ ለስላሳዋ ምት መንገድ ላይ እንዳትጠፋ ነው። ኃይለኛው ምት የማንንም እርዳታ አይፈልግም።

ተሠርቶ ስለሚሸጠው በአጭሩ

ገንዘቡ ካላችሁ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ፣ ጥሩ ጥሩ መሣሪያዎች አሉ። የጃፓኑ ኮርግ እ.ኤ.አ. በ1994 ዌቭድረም የሚባል ከበሮ አወጣ፣ በ2009 ደግሞ አድሶ መለሰው። የዚህ መሣሪያ ብልሃት ሁሌም ይገርመኛል። ብዙዎቹ ፓዶች ስትመቷቸው "ተመታሁ፣ በዚህን ያህል ኃይል" የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ነው ወደ ውስጥ የሚልኩት፤ ከዚያ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ይከፈታል። ዌቭድረም ግን በአብዛኛው ቆዳው ላይ የተፈጠረውን ንዝረት ራሱን ወስዶ ነው ድምፅ የሚሠራበት። ስለዚህ ብትጭሩት መጫሩ፣ ብታሻሹት ማሻሸቱ ይሰማል። ጫናን የሚለይ ሴንሰርም አለው። ሌላው የሮላንድ ሀንድሶኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤችፒዲ-20 13 ፓዶች አሉት፣ በጣት ለሚጫወት ሰው የተሠራ ነው።

ያገለገለ ዌቭድረም ካገኛችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ በ2009 የተመለሰው ሚዲ (ምቱን በቁጥር ለኮምፒውተር የሚነግርበት ቋንቋ) የለውም፤ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ድምፅ ልታዙበት አትችሉም። በራሱ ድምፅ ለመጫወት ግን አሪፍ ነው።

እኔ ወደ ሁለተኛው መንገድ ልሂድ። ቤት ውስጥ መሥራት። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ብልሃቱም ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ሰውነቱ

የሁሉ ነገር ልብ ፒዬዞ ናት። ሳንቲም የመሰለች ቀጭን የናስ ዝርግ ሆና ላይዋ ላይ ነጭ ሴራሚክ ተለጥፎባታል። ስትንቀጠቀጥ ወይም ትንሽ ስትጎብጥ ኤሌክትሪክ ትፈጥራለች። የሚዘፍነው የልደት ካርድ ውስጥ፣ ጢጥ ጢጥ የሚለው ሰዓት ውስጥ ያለችው እሷው ናት። በ27 እና በ35 ሚሊ ሜትር ስፋት በብዛት ትገኛለች። ለእጅ ጨዋታ እኔ 35ቱን እመርጣለሁ። ሽቦ የተበየደላትን ግዙ። ነጩ ላይ ራሳችሁ ልትበይዱ ካላችሁ ከሁለት ሰከንድ በላይ አታሙቁት፤ ሽፋኑ በሙቀት ይነሳል፣ ከተነሳ ደግሞ መመለሻ የለውም።

አሁን እንጨቱ። ከታች ወፍራም ኮምፔርሳቶ፣ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ፣ 30 በ45 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ከባድ መሆኑ ይጠቅማል፤ ቀላል ከሆነ በምቱ ቁጥር ጉልበታችሁ ላይ ይዘላል። በላዩ ላይ ጠንከር ያለ ስፖንጅ አልብሱት። ለስፖርት መሬት ላይ የሚነጠፈው ዓይነት በጣም ተስማምቶኛል። የሶፋ ስፖንጅ አይሆንም፣ ይሰምጣል። በስፖንጁ ላይ ደግሞ ሁለት ስስ የኮምፔርሳቶ ዝርጎች ይቀመጣሉ፣ ውፍረታቸው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። አንዱ ሰፊ፣ 25 በ25። ሌላው ጠባብ፣ 15 በ25። በመሀላቸው የሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። ይሄ የከበሮው ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ መሆኑ ነው፤ አንዱ ወፍራም ድምፅ፣ አንዱ ቀጭን። የሁለቱ ዝርጎች እንጨት በምንም መንገድ እንዳይነካካ፣ ከተነካካ ሰፊውን ስትመቱ ጠባቡም አብሮ ይመልሳል።

ፒዬዞዋ የምትለጠፈው ከስሱ ዝርግ ሥር ነው። ይሄ ቦታ ላይ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። እኔ መጀመሪያ በቀጥታ ከላይኛው ጎማ ሥር ነበር የለጠፍኳት። ልክ በሷ አናት ላይ ስመታ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ፣ ሦስት ጣት ያህል ፈቀቅ ስል ዝምታ። ስሱ ዝርግ ግን የትም ብትመቱት ይንቀጠቀጣል፣ ንዝረቱንም ወደ ፒዬዞዋ ያደርሳል። ከመሀል ትንሽ ፈቀቅ አድርጉና እጃችሁ ብዙ ወደማያርፍበት ጠርዝ አስጠጓት። የናሱን ጎን ሙሉ በሙሉ በሱፐር ግሉ ወይም ሁለቱ ተቀላቅለው በሚደርቁት ሙጫ አጣብቁ። ስፖንጅ ባለው ባለ ሁለት ጎን ፕላስተር አትለጥፉ፤ ያ ለስላሳ ነገር ትንንሿን ምት ጠጥቶ ያስቀራታል። ሥሯ ያለውን ስፖንጅ በሷ ልክ ጎድጎድ አድርጋችሁ ቁረጡላት፣ ተጨቁና እንዳትቀመጥ። ሽቦውን እንጨቱ ላይ በናስትሮ አስሩት፤ ሲጎተት የሚበጠሰው ሁሌም ብየዳው ጋ ነው።

ለላይኛው ሽፋን ያገኘሁት ምርጥ ነገር የከባድ መኪና ከመነዳሪ ነው። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ የተበሳና የማይጠገን ጠይቁ። በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ በዝርጉ ልክ ቁረጡና በማስቲሽ ለጥፉት። ለእጅ ይስማማል፣ ጥፍርም ሲጭረው ድምፅ አለው። ያ መጫር ቀጥሎ ለምነግራችሁ ነገር ያስፈልጋል።

ቀላሉ መንገድ፦ ንዝረቱን እንዳለ ማዳመጥ

ምንም ኮድ ሳትጽፉ የዌቭድረምን ሐሳብ ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ከፒዬዞዋ ነጭ የሚመጣውን ሽቦ የጊታር ጃክ ጫፍ ላይ፣ ከናሱ የሚመጣውን አካሉ ላይ በይዱ። ኬብሉ ዙሪያውን ሽቦ የለበሰ ይሁን፣ አለበለዚያ የመብራቱ "ዝዝዝ" ይገባል። ከዚያ ሳውንድ ካርዳችሁ ላይ ጊታር የሚሰካበት መግቢያ ውስጥ ሰኩት።

የጊታሩ መግቢያ ውስጥ ነው ያልኩት በምክንያት ነው። እንዲህ ዓይነት ፒዬዞ ወደ 20 ናኖ ፋራድ ገደማ የምትይዝ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ) ናት። ለኪቦርድ የተሠራው ተራ መግቢያ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። የከበሮ ሆድ ያለው ደግሞ ከዚያ በጣም ታች ነው። የጊታሩ መግቢያ ግን 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ስለሆነ እስከ 8 ኸርዝ ድረስ ወርዶ ይሰማል። ብዙ ሰው "ፒዬዞ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል" ብሎ የሚተዋት ቀዳዳውን ተሳስቶ ነው።

አሁን የገባው ድምፅ ራሱ ብዙም አያምርም፣ እንጨት እንደ መንካት ነው። እሱን ከበሮ የሚያደርገው ኮንቮሉሽን የሚባለው ነገር ነው። ባጭሩ፣ ለኮምፒውተሩ የአንድ እውነተኛ ከበሮ ድምፅ ትሰጡታላችሁ፣ እሱም እጃችሁ የፈጠረውን እያንዳንዱን ንዝረት በዚያ ከበሮ አካል ውስጥ እንዳለፈ አድርጎ ይመልሰዋል። ሪፐር በሚባለው የቀረጻ ፕሮግራም ውስጥ ሪያቨርብ (ReaVerb) ተብሎ አብሮ የሚመጣ መሣሪያ ይህን ይሠራል፤ ፕሮግራሙንም 60 ቀን በነፃ ትሞክሩታላችሁ። የከበሮዋን አንድ ምት ከፍታችሁ የመጀመሪያዋን "ጠቅ" ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ምክንያቱም "ጠቅ" የምትለው ከራሳችሁ እጅ ነው የምትመጣው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ድምፁ ይደነዝዛል። የተረፈውን ከአንድ ሰከንድ ተኩል ሳታስረዝሙ በስሱ አክትሙት። መሣሪያው ውስጥ መዘግየትን የሚያጠፋውን አማራጭ አብሩ። ያልተቀላቀለውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዝጉ። የመጀመሪያውን ሙከራ በጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፤ በትልቅ ስፒከር ከጀመራችሁ ፒዬዞዋ የስፒከሩን ንዝረት መልሳ እየሰማች ማፏጨት ይጀምራል።

ከዚያ ከመነዳሪውን በጥፍራችሁ ጫሩት። በመዳፋችሁ ጥረጉት። ጣታችሁን አርጥባችሁ ግፉት። እኔ መጀመሪያ ቀን እንዲሁ ስጭርና ስጠርግ አንድ ሰዓት ሄደ። የጓደኛዬ ትንፋሽ የመሰለች ምትም ያለ ምንም ማስተካከያ አለፈች፤ ምክንያቱም እዚህ "ይሄን አሳልፍ፣ ይሄን ተው" የሚል በር የለም።

ታዲያ ለምን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል? መድረክ ላይ ድምፁን ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ምቱን መዝግቦ በኋላ ማረም፣ አንዱን ፓድ ወደ ጭብጨባ መለወጥ ስትፈልጉ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። እዚያ ላይ ነው ለስላሳዋ ምት የምትሞተው።

ሚዲ የሚልከው መንገድ

አርዱዪኖ ሊዮናርዶ የሚባለውን፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ፈልጉ። ላፕቶፑ ላይ በዩኤስቢ ሲሰካ ራሱን እንደ ሚዲ መሣሪያ ማስተዋወቅ ይችላል። ኡኖ የሚባለው በብዛት ይገኛል፣ ግን ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ጣጣ አለው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ከፒዬዞዋ ሁለት ሽቦዎች መሀል 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር አስገቡ፣ የተጠራቀመውን ኃይል ያፈስላታል። ናሱ ወደ ግራውንድ ይሂድ። ነጩ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ አናሎግ መግቢያው ይሂድ። መግቢያውና ግራውንዱ መሀል የ5.1 ቮልት ዜነር ዳዮድ አስቀምጡ፣ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ መግቢያው ዞሮ። ይህን ዳዮድ አትዝለሉ። ፒዬዞ በኃይል ስትመታ በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ልትተፋ ትችላለች፣ ቦርዱ ደግሞ የሚችለው 5 ነው።

ቦርዱ የሚያነበው ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ነው። ኮዱ መሥራት ያለበት ሥራ ሦስት ነው። ቁጥሩ ከተወሰነ ደፍ ሲያልፍ ይነቃል። ከነቃ በኋላ ለ2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከፍተኛውን ቁጥር ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ያየውን ከያዘ ኃይሉን ያሳንሰዋል። ከዚያ ያንን ወደ ቬሎሲቲ ቀይሮ ይልካል፣ ቬሎሲቲ ማለት ከ1 እስከ 127 ያለ የምቱ ኃይል ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ፓድ ለምን ደንቆሮ እንደነበረ ያወቅሁት እዚህ ጋ ነው። ጓደኛዬ ያቺን ምት እየመታ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን አየነው። 22፣ 31፣ 19፣ 40። የእኔ ደፍ 60 ላይ ነበር! እጁ እየተናገረ እኔ በሩን ዘግቼበት ነበር ማለት ነው። 60 ያደረግሁት ደግሞ አንዴ ስመታው ሁለት ሦስት ጊዜ እየጮኸ ስላስቸገረኝ ነው። ደፉን ከፍ ባደረግሁት ቁጥር ድግግሞሹ ጠፋ፣ እኔም ተስተካከለ ብዬ ተውኩት። በሽታው ግን ሌላ ነበር።

ሁለቴ የሚጮኸው እንጨቱ ከተመታ በኋላም መንቀጥቀጡን ስለማያቆም ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ጠንከር ያለ ስፖንጅ ነው። ሁለተኛው ኮዱ ውስጥ ነው። ብዙዎች "ከምቱ በኋላ ለ50 ሚሊ ሰከንድ ምንም አትስማ" ይሉታል። አስቡት፣ ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት ከሄደ፣ ምቱን ለስምንት ስትከፍሉት በየ62 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ይወድቃል። ሁለት እጅ ሲያርከፈክፍ ከዚያም ሊጠጋጋ ይችላል። በዚህ ላይ ዋናው ችግር፣ ከትልቁ ምት ቀጥላ የምትመጣውን ትንሿን መዋጡ ነው። የተሻለው ደፉ ራሱ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። ትልቅ ምት ሲመጣ ደፉ ከምቱ ጋር ወደ ላይ ይዘላል፣ ከዚያ ንዝረቱ እየደከመ በሚሄድበት ፍጥነት አብሮ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይቆማል። የንዝረቱን ጭራ አያስገባም፣ አዲስ እጅ ሲመጣ ግን ይሰማል። ዝቅተኛውን ቦታ ለማወቅ ምንም ሳትነኩ ቁጥሩን እዩት። ከ0 እስከ 5 የሚዋዥቅ ከሆነ 10 ላይ አድርጉት። የኔ አሁን 12 ላይ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን ወደ ቬሎሲቲ መቀየር። ቀጥታ ካካፈላችሁት 40 የነበረው ምት ቬሎሲቲ 5 ይሆናል፣ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ቁጥሩን ለ1023 አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ወስዳችሁ በ127 አባዙት። ያው 40 አሁን 25 ይሆናል። 250 የነበረው ከ31 ወደ 63 ይወጣል። ከላይ ያለው ግን ብዙም አይነካም፣ 1023 ያው 127 ነው። ይህች አንዲት መስመር ናት መሣሪያውን ከእንጨት ወደ ከበሮ የቀየረችልኝ። እጃችሁ ቀላል ከሆነ ከስኩዌር ሩት አልፋችሁ ልታጎብጡት ትችላላችሁ። ሰው ሁሉ እጁ ይለያያል፣ የእኔን ቁጥር ሳይሆን የራሳችሁን ጆሮ ተከተሉ።

ሰፊውን ስትመቱ ጠባቡ አብሮ ከተነሳ፣ በዚያችው 2 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የሁለቱን ቁጥር አወዳድሩና ትልቁን ብቻ ላኩ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ግን ሁለቱንም ላኩ፣ ሰውየው በሁለት እጁ መትቶ ይሆናላ።

ጫናው

ከበሮ ላይ አንዱን እጅ ጫን ብላችሁ በሌላው ስትመቱ ድምፁ ይታፈናል፣ ትንሽም ይቀጥናል። ይህን ፒዬዞ አታውቅም፤ እሷ የምትሰማው ንዝረትን እንጂ ዝም ብሎ ያረፈ እጅን አይደለም። ለዚህ ጫና ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ሴንሰር አለ፣ ኤፍኤስአር ይሉታል። ካላገኛችሁ ቬሎስታት የሚባለውን ጥቁር ፕላስቲክ በሁለት የአልሙኒየም ፎይል መሀል አድርጋችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ከታችኛው እንጨትና ከስፖንጁ መሀል፣ ከሰፊው ዝርግ ሥር ይቀመጣል። አንዱን ጫፍ ወደ 5 ቮልት፣ ሌላውን ወደ አናሎግ መግቢያ፣ ከመግቢያው ደግሞ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ።

የእንጨቱ ክብደት ራሱ ስለሚጫነው መሣሪያው ሲበራ ያለውን ቁጥር እንደ ዜሮ ያዙት። ምት ሁሉ ደግሞ ለአፍታ ጫና ነው። ስለዚህ ከ40 ሚሊ ሰከንድ በታች የቆየውን አትቁጠሩት፣ ከዚያ በላይ የቆየውን ግን "እጅ አርፏል" በሉት። ያንን በሚዲ ድምፁን ወደሚያሳጥረውና ፒቹን (ቅጥነቱን) ወደሚያነሳው ላኩ። ፒቹን በጣም ትንሽ! ብዙ ካነሳችሁት ከበሮነቱ ይቀርና መጫወቻ ይመስላል።

ድምፁን መቅዳት

የተዘጋጀ የከበሮ ድምፅ ኢንተርኔት ላይ ከመልቀም ራሳችሁ ቅዱ። የዘፈን ከበሮ ያለው ሰው አይጠፋም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ንዋየ ቅድሳት ነው፤ ለመረግድና ለጽፋት የሚመታውን ዕቃ ለፓድ ድምፅ ብሎ ማውጣት ለእኔ አይመቸኝም፣ ሳይጠይቁ መቅዳትም አይገባም። የዘፈኑ ይበቃል።

መኪና በማያልፍበት ሰዓት፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ማይኩን ግማሽ ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። የማይኩን መጠን በኃይለኛው ምት አስተካክሉና ከዚያ በኋላ አትንኩት። ለእያንዳንዱ አፍ አራት ደረጃ ቅዱ፦ በጣት ጫፍ፣ በለዘብታ፣ በመደበኛ፣ በሙሉ ኃይል። በየደረጃው ቢያንስ አራት አራት ጊዜ። አንድ ድምፅ ብቻ ከሆነ ተከታታይ ምቶች መትረየስ ይመስላሉ፤ አራቱ እየተቀያየሩ ሲመጡ ግን እጅ ያለበት ይሆናል። ስትቆርጡ ትንንሾቹን ወደ ትልቁ ድምፅ ከፍ አታድርጓቸው፣ ትንሽነታቸው ነው የሚፈለገው።

ድምፆቹን የሚጫወትላችሁ ስፎርዛንዶ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በጽሑፍ ፋይል የትኛው ድምፅ ከስንት እስከ ስንት ቬሎሲቲ እንደሚጮህ ትነግሩታላችሁ። ደረጃዎቹን እኩል አትከፋፍሉ። እኔ ከ1 እስከ 25፣ ከ26 እስከ 55፣ ከ56 እስከ 95፣ ቀሪውን ለኃይለኛው ሰጥቻለሁ። ታችኛው ላይ ብዙ ደረጃ ሲኖር እጅ የሚናገርበት ቦታ ይሰፋል።

መዘግየት

እጃችሁ ካረፈ በኋላ ድምፁ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ያ ማለት ከበሮው ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ እንደተቀመጠ ያህል ነው፣ ድምፅ በአየር ላይ ያን ያህል ይሄዳልና። ሳውንድ ካርዱ ላይ በፈር የሚለውን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ልክ) በ48 ሺህ ኸርዝ 128 ላይ ብታደርጉት ወደ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 512 ካደረጋችሁት ብቻውን 10.7 ይበላል። ዊንዶውስ ከሆነ የካርዱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር ጫኑ። የብሉቱዝ ማዳመጫ ፈጽሞ አይሆንም፣ እጅ ካረፈ በኋላ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ድምፁ ውስጥ የመብራት "ዝዝዝ" ካለ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ከጠፋ ችግሩ ከቻርጀሩ ነው።

ለመቺው ሰው መስጠት

ሁሉም ሲያልቅ ራሳችሁ ብቻ አትፈትኑት። የሠራው ሰው ሳያውቀው መሣሪያው በሚወደው መንገድ ነው የሚመታው። እጁ ከበሮ ለሚያውቅ ሰው ስጡትና ምንም ሳታስረዱ እዩት። እጁ የት እንደሚያርፍ፣ የት ላይ እንደሚያመነታ፣ የትኛውን ምት ሁለቴ እንደሚሞክር። ሁለቴ የሞከራት ምት ያልተሰማችው ናት።

ጓደኛዬ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። አልተናገረም፣ ቁጭ ብሎ ጀመረ። ትልቁን መታ፣ ቀጥሎ ያቺን ትንፋሽ። ተሰማች። አይኑን ወደ እኔ ሳያነሳ ደገማት፣ አሳነሳት፣ ይበልጥ አሳነሳት፣ እስከምትጠፋበት ድረስ ወረደና እዚያው ጫፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየባት። ከዚያ በሁለቱም አፍ ገባበት። ሲጨርስ መዳፉን ከመነዳሪው ላይ ትቶ "ጠባቡ አፍ ሁለት ጣት ያህል ወደዚህ ቢመጣ፣ ክርኔ ይታጠፋል" አለኝ። ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ።